መሃለኛው ወንበር

እናቴን መቀመጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው ሲሰማው ቀልድ ይመስለዋል። ስልሳ ስምንት ዓመት የኖረች ሴት መቀመጥ ጠፍቷት አይደለም፤ የአውሮፕላን አቀማመጥ ነው ያስተማርኳት። ክንድ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ጉልበት እንዴት እንደሚገጥም፣ አጠገብ ያለውን ሰው ሳይረብሹ አሥራ አምስት ሰዓት እንዴት እንደሚታለፍ። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። አፈር ካለበስናት ዓመት አለፈ፤ እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ለመናገር አፌን የምከፍተው ገና ዛሬ ነው።

ሥራዬ ወንበር ነው። ሳሪስ አቦ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ እዚያ የመኪና ወንበር እሠራለሁ፣ በተለይ የሚኒባስ። ብረቱን እበይዳለሁ፣ ስፖንጁን እቆርጣለሁ፣ ሌዘሩን አለብሳለሁ። ባለታክሲ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ምቾት እንዳይመስላችሁ። «አንድ ረድፍ ትጨመርልኛለች?» ነው የሚለኝ። እጨምርለታለሁ። መደገፊያውን አሳስቼ፣ ስፖንጁን ሁለት ጣት ያህል ቀንሼ፣ ወንበሮቹን ወደፊት ገፋ ገፋ አድርጌ አንድ ረድፍ አወጣለታለሁ። «ጉልበትስ የት ይግባ?» ብዬ የጠየቅኩት ጀማሪ እያለሁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሹፌሩ «ጉልበት ይለመዳል» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም። ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ስታዲየም ጉልበቱን ከፊቱ ካለው ብረት ጋር እያጋጨ ከሚሄደው ሕዝብ ስንቱ በኔ እጅ ሥራ ላይ እንደተቀመጠ እግዜር ይወቀው። ሲረግሙኝም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ራሴ በሠራሁት ወንበር ላይ ተኮራምቼ ስሄድ አጠገቤ ያሉ አንድ አዛውንት «ይሄን የሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ!» አሉ። «አሜን» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ቆማ የጨረሰች ሴት ነበረች። አቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ማሽን ፊት ቆማለች። ጡረታ ስትወጣ እግሯ ላይ እንደ ገመድ የተወጣጠሩ ሰማያዊ ሥሮች ነበሩ፤ ማታ ማታ ትራስ ደርባ ሰቀል ታደርጋቸዋለች። «ምንም አይደሉም፣ የሥራ ምልክት ናቸው» ትለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንዳንዴ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ስትወስደኝ በሠራተኛ ሰርቪስ አብሬያት ሄጃለሁ። ለሁለት ሰው በተሠራው ወንበር ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። «ኧረ ጠጋ ጠጋ እንበል፣ ሰው መንገድ ላይ አይቅር!» የምትለው እሷ ናት። ለሌላው ስትጠጋ ስትጠጋ የራሷ ግማሽ ጎን ከወንበሩ ውጭ ይንጠለጠላል። ጓደኞቿ «ወደቅሽ እኮ!» ሲሏት «እንዴት ተመችቶኛል!» ትላለች። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ከአፏ እንደሰማኋት! ጤና ጣቢያ ወረፋዋን ለሌላ ለቅቃ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆምም «ተመችቶኛል» ነው፣ ልብሷ ውስጥ ዝናብ ገብቶ ስትንቀጠቀጥም «ተመችቶኛል» ነው።

እህቴ ታናሼ ናት፤ ካናዳ አግብታ ትኖራለች። ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ አረገዘችና ለእናቴ ደወለች። ደስታዋን ነግራ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። ባሏ ራቅ ያለ ከተማ እየሄደ የሚሠራ ሰው ነው፣ ዘመድ የላትም። «እማዬ፣ ማን ያርሰኛል?» አለቻት። ገንፎውን ማን ያገነፋልኛል፣ ልጁን ማን ያጥብልኛል፣ ወገቤን ማን ያሸኛል ማለቷ ነው።

እናቴ ስልኩን ዘጋች። እኔን ስትወልድ ያረሳት ሰው አልነበረም። የሷ እናት በሕይወት የለችም፣ አባቴ በሥራ ከከተማ ወጥቷል፤ በሦስተኛው ቀን ተነስታ ራሷ ውሃ ቀድታለች። ይህን እኔ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፣ ራሷ አንድም ቀን አውርታው አታውቅም። ያን ቀን ግን አወራችው። «ልጄ እንደኔ አትሆንም፤ በእጄ ነው የማርሳት» አለች። በነጋታው ገብስ ገዝታ መልቀም ጀመረች። በሶው ተፈጨ፣ የገንፎው ዱቄት ተዘጋጀ፣ ቅቤው ተነጠረ። ቪዛ ጠየቅን። ለሷ ተፈቀደ፣ ለኔ ተከለከለ። ስለዚህ ብቻዋን ልትሄድ ሆነ፤ አውሮፕላን የምታውቀው ደግሞ በጣራችን ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የኔን በረራ ማንሳት አለብኝ፣ ጥፋቱ የተጠነሰሰው እዚያ ነውና። አንድ ጊዜ ሌዘር ለመግዛት ዱባይ ሄጃለሁ። መስኮት በኩል ነበር የተቀመጥኩት። ገና እንደተቀመጥኩ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ወንበሩን በስንዝር ለካሁት፤ ሁለት ስንዝር ከጥቂት ጣት። «በለው!» አልኩ በሆዴ፣ «ይሄስ ከኔም የባሰ ጨካኝ ነው።» ጉልበቴ የፊተኛውን ወንበር ነካ፤ የፊተኛው ሰውዬ መደገፊያውን ለቀቀውና ደረቴ ላይ መጣ። መሃል የተቀመጠው ክንዱን አምጥቶ ክንዴን ከማሳረፊያው ላይ ገፋው። ዞሮ እንኳ አላየኝም፤ ከወንበር ላይ ድመት ገፋ እንደሚደረግ ነው ያደረገኝ።

ቆይቶ ሽንቴ መጣ። በምልክት ልለፍ አልኩ። መሃለኛው በረጅሙ ተነፈሰ። ዳር ያለው ኮምፒውተሩን ዘጋ፣ ገመዱን ነቀለ፣ ኩባያውን አነሳ፣ ተነሳ። ስመለስ እንደገና ዘጋ፣ ነቀለ፣ አነሳ፣ ተነሳ። የሆነ ነገር በቋንቋቸው ተባባሉና ሳቁ። ስለኔ ይሁን ስለሌላ አላውቅም። ግን አፈርኩ። ምን አጥፍቼ እንዳፈርኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም፣ ፊቴ እሳት እስኪሆን ድረስ አፈርኩ። እስክንወርድ አልተነቃነቅኩም።

እናቴ ልትበር ስትል ያ ሰውዬ በዓይኔ ላይ መጣብኝ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቋንቋ ሳትችል፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ» ስትለው እሱ ሲተነፍስባት ታየኝ። እናቴን የሚገላምጥ ሰው! ቁጣዬ ሰማይ ነካ፤ ሰውየው እኮ ገና አልተፈጠረም። እንግዲህ ሰውየውን ማስተማር ስለማልችል እናቴን አስተማርኳት።

ያን ጊዜ ገላን ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ አብረን ነበርን፤ እኔ ዛሬም እዚያው ነኝ። ከሱቄ ሦስት ሰው የሚይዝ አሮጌ የሚኒባስ አግዳሚ አመጣሁ። በስንዝር በያዝኩት ልክ ቆረጥኩት፣ በየመሃሉ ጣውላ አቁሜ ክንድ ማሳረፊያ አደረግኩለት፣ መታጠቂያ ቀበቶ ሁሉ ገጠምኩለት። ቲኬቷ ላይ የወጣላት መሃለኛው ወንበር ስለነበር መሃል አስቀመጥኳት። ከፊቷ የፊተኛው ወንበር ጀርባ እንዲሆን ቁም ሳጥኑን አስጠጋሁባት። ጉልበቷ ነካ። «ልክ ነው፣ እንደዚህ ነው» አልኳት።

ዳር የሚቀመጥ ሰው አስፈለገን። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት መጣች፤ ደንዳና፣ ሳቂታ፣ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ምግብ የምታበስል ሴት ናት። ዳር ተቀምጣ የተኛ ፈረንጅ እንድትሆን ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነችና ማንኮራፋት ጀመረች። እናቴ በሳቅ ልትፈነዳ!

እኔ ግን የምሬን ነበር። አስተናጋጅ ሆኜ በትሪ ምግብ አቀረብኩላት። «ዶሮ ነው ፓስታ?» ስላት «ያላችሁን» አለች። ክንዷን ሆዷ ላይ አጣጥፋ እንድትበላ አሳየኋት። «ውሃ አታብዢ፣ ሽንት ያመጣል» አልኳት። እሺ አለች። በመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት አስቀመጥኳት። በሁለተኛው እሑድ ሦስት ሰዓት፣ በሰዓት ይዤ።

ሁለት ሰዓት ግድም ሲሆን በለሆሳስ፣ «አንተ፣ ሽንቴ መጣ» አለችኝ።

«ያዢው እማዬ። ሰው አይነሳም።»

ጎረቤታችን ማንኮራፋቷን አቆመችና ዓይኗን ገለጠች። «ኧረ በማርያም! ተነስቼ ብቀመጥ ምን እሆናለሁ? ያስነሱኝ እማማ!» አለች።

«አንቺማ ትነሺያለሽ» አልኳት፣ «ፈረንጁ ግን ፊቱን ያጠቁርባታል። አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ።»

እናቴ ጎረቤታችንን ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ፣ «ተይው፣ እሱ ያውቃል። እኔም ተመችቶኛል» አለች። ሦስቱን ሰዓት ጨረሰችው። ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ቁም ሳጥኑን ይዛ ቆየች። እኔ አጨበጨብኩላት።

የሄደች ቀን ቦሌ በር ላይ ተሰነባበትን። የቅቤው ዕቃ እንዳይፈስ ደጋግማ ነካካችው። ሳቅፋት በጆሮዋ የነገርኳት የመጨረሻ ነገር ምን መሰላችሁ? «በሰላም ግቢ» አይደለም። «ሰው እንዳታስነሺ» ነው ያልኳት።

«ማንንም አላስነሳም፣ አትስጋ» አለችኝ፣ ጉንጬን ሳመችና ገባች።

በማግሥቱ ከእህቴ ቤት ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንዴት ያለ ደስታ ነበረው! ዳር የነበረው ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ፂሙ የሸበተ ሐበሻ ነው አለችኝ። ፈረንጅ አልነበረም፤ የኛው ሰው ነው። «ቦታው ጠብቦት ሲጨነቅ አሳዘነኝና ያቺን የክንድ ጣውላ ወደ ላይ ብድግ አድርጌ፣ ጠጋ በል የኔ ልጅ አልኩት። ሁለት ጊዜ 'እማማ ልነሳልዎት?' አለኝ። ኧረ ተመችቶኛል፣ ተኛ አልኩት። እንደ ሕፃን ተኛልኝ!» አለች። «አንድም ጊዜ ሳላስነሳው ደረስኩ። ውሃም አልጠጣሁ። አላሳፈርኩህም።»

«ጎበዝ!» አልኳት። «ጎበዝ የኔ እናት! አላልኩሽም?»

«እግሬ ብቻ ትንሽ አበጠ፤ ግራው። ጫማው አልገባ ብሎኝ በካልሲ ነው የወረድኩት።»

«የመንገድ ድካም ነው፣ ይለቅሻል» አልኳት። ሐኪም ነኝ እኮ! ስፖንጅ ቆራጭ!

በአራተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ አግዳሚ እየለካሁ እያለ እህቴ ደወለች። እናቴ የገብሱን ዱቄት ለማየት ከረጢቱን ስትፈታ ትንፋሽ አጥሯት ወድቃለች፣ ሆስፒታል ናቸው። ዱቄቱ ልብሷ ላይ ሁሉ ተበትኖ እንደነበር ነገረችኝ። እንዲህ ያለውን ለምን እንደምትነግረኝ አልገባኝም፤ የምትይዘው ነገር አጥታ ነው መሰለኝ።

ሁለት ቀን ነው የቆየችው። በሦስተኛው ቀን ሲደወል ገና ሳላነሳው አወቅኩት። እህቴ አለቀሰች፣ አለቀስኩ። ከዚያ ረጋ ብላ ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነስቶ ሄዶ ሳንባ ይዘጋል። በተለይ እግሩ እንደሷ ሥር ለበዛበት፣ በተለይ ውሃ ላልጠጣ። በየሰዓቱ ተነስተው ጥቂት ወዲያ ወዲህ ቢሉ ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር ብሏታል።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ሐኪሙ ጠይቋት ነበር» አለች እህቴ። «'ተነሺ ያለሽ ሰው አልነበረም ወይ?' አላት፣ እኔ ነኝ ያስተረጎምኩላት። 'ልጄ ነግሮኝ ነበር' አለችው። 'በየሰዓቱ ተነሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ እግርሽን አፍታቺ እያለ ነው የሸኘኝ። እኔው ነኝ የሰነፍኩት' አለች። ሦስት ጊዜ ነው ደጋግማ ያለችው፤ አደራ እሱን እንዳትቆጪው፣ እሱ ነግሮኛል እያለች።» ከዚያም፣ «ነግረሃት ነበር አይደል?» አለችኝ።

አጠገቤ የሹፌር ወንበር ብረት ቆሟል። ያዝኩት።

«አዎ» አልኩ። «ነግሬያት ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ እህቴ። «አንተስ የምትችለውን አድርገሃል።»

አስከሬኗ በአውሮፕላን ዕቃ ክፍል ተጭኖ መጣ። አንድ ወዳጄ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ ስትሄድ ያላገኘችውን መዘርጋት በመምጫዋ አገኘች አለኝ። ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ሰው ይዞኝ ነው እንጂ። ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛው ሲገባ አዲስ የመጣው ሁሉ እንዲቀመጥ አግዳሚው ላይ ያሉት ይጠጋጋሉ፣ «ግድ የለም፣ ይበቃናል» ይላሉ። እኔ ማየት አቃተኝ። ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ሰዉ ሐዘን ነው ብሎ ተወኝ።

እህቴ ለቀብሩ አልመጣችም፣ ቀኗ ደርሶ ነበር። እናቴ በሞተች በዘጠነኛው ቀን ወለደች። ባሏ ሁለት ቀን አብሯት ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ራሷ ተነስታ ምድጃ ላይ ውሃ ጣደች፤ ከእናቴ ዱቄት የተረፈውን ራሷ አገነፋች፣ ጓጎለባት፣ ቆማ እያለቀሰች በላችው። በስልክ ነገረችኝ። «እማዬ ሰማይ ሆና ታየኝ ይሆን?» አለችኝ። «ታይሻለች» አልኳት። መዋሸት አንዴ ከጀመሩት አያስቸግርም ለካ።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ቁጡ ሆንኩ፣ ድሮም ነበርኩ፣ ባሰብኝ። አንድ ባለታክሲ መጥቶ «አንድ ረድፍ ትጨመርልኛለች?» ሲለኝ ሜትሩን ወርውሬ ከሱቅ አባረርኩት፤ መንደሩ ሁሉ ጉድ አለ። በሳምንቱ ሌላ መጣ፣ እሱንም ላባርር ብዬ ተነሳሁና ተውኩት። ረድፏን ጨመርኩለት። የዛሬው ጨዋታ እውነት እውነቱን ነው ካልኩ ይሄም ይነገር።

አግዳሚውን መጣል አልቻልኩም። ፈትቼ ብረቱን ለሌላ ላውለው ስንት ጊዜ አነሳሁት፣ እንደገና አስቀመጥኩት። በመጨረሻ በረንዳ ላይ አውጥቼ በላስቲክ ሸፈንኩት።

ለሙት ዓመቷ እህቴ ሕፃኗን ይዛ መጣች። ሴት ልጅ ናት፤ ግንባሯ የእናቴ ነው። ጸሎቱ ተደረሰ፣ ሰው በልቶ ተበተነ፣ በነጋታው ከሰዓት በኋላ እህቴ፣ እኔና ያቺ ጎረቤታችን ቀረን። ሴቶቹ ትሪ ሲያጥቡ ቆይተው በረንዳ ላይ ሊያደርቁት ወጡ። እኔ ሕፃኗን ይዤ ከበሩ ላይ ቆሜያለሁ።

እህቴ የላስቲኩን ጫፍ ገለጠች። «ይሄ የታክሲ ወንበር እዚህ ምን ይሠራል?»

«ውይ! አልነገረሽም እንዴ?» አለች ጎረቤታችን። ፊቷ በራ። «እናትሽ አውሮፕላን የተማሩበት ነው እኮ!» ላስቲኩን ገፈፈችና ዳር ላይ ዘፍ አለች። አንገቷን ዘምበል አድርጋ አንኮራፋች። «እኔ ፈረንጅ ነበርኩ። እሳቸው መሃል። ወንድምሽ ደግሞ እዚያ ቆሞ ሰዓት ይይዛል። አንተ ሽንቴ መጣ ይሉታል፣ ምስኪን፣ በሹክሹክታ! እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ያዢው እማዬ፣ ሰው አይነሳም! ውሃ አታብዢ! ኧረ ያስነሱኝ ብል ሁለቱም ተቆጡኝ!» ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደባት፣ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። «እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር። እንዴት ያሉ ሴት ነበሩ።»

እህቴ አልሳቀችም። ዞራ አየችኝ።

«ሰው አይነሳም?» አለች።

ጎረቤታችን አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየችና ሳቋም ልቅሶዋም ባንዴ ደረቀ። ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ ብላ ወጣች። የጣደችው ነገር አልነበረም።

እህቴ ልጇን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሄዳ መሃለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አግዳሚው ወደ በረንዳው ግድግዳ ዞሮ ስለነበር ጉልበቷ ግድግዳውን ነካ። ሕፃኗን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እዚህ ላይ ስንት ሰዓት አስቀመጥካት?»

«ሦስት።»

«አውሮፕላኑ ላይስ?»

«አሥራ አምስት ግድም።»

«አንድም ጊዜ አልተነሳችም?»

«አንድም ጊዜ። እንደደረሰች ነግራኛለች።» ይሄንንም መዋጥ አቃተኝ። «ጎበዝ ብያታለሁ።»

ታች አስፋልቱ ላይ ረዳቶቹ ቃሊቲ፣ ቃሊቲ እያሉ ይጮኻሉ። እህቴ ሲሚንቶውን እያየች፣ «ነግሮኛል አለች እኮ። ትንፋሽ እያጠራት ሦስት ጊዜ፣ ነግሮኛል አለች» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እኔም ጠየቅኩህ። አዎ አልከኝ።»

«አዎ አልኩሽ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ፣ ትሪውን ብታነሳብኝ ደስ ባለኝ። አልሰደበችኝም። ሕፃኗ በቀበቶው መቆለፊያ ትጫወታለች፣ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋል። ቆሜ መቅረት ስላልቻልኩ ሄጄ ዳር ላይ፣ ጎረቤታችን በነበረችበት ቦታ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ጠባብ ነው፣ ልኩን አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ትከሻዬ ትከሻዋን ነካ። እናቴን ያላልኳት ነገር አፌ ላይ መጣ፤ ቢዘገይም አወጣሁት።

«መውጣት ስትፈልጊ ንገሪኝ» አልኳት። «እነሳልሻለሁ።»

እንዳልነካት ክንዷን ወደ ሆዷ ሰበሰበች፣ ጉልበቷን ገጠመች፣ እናቴን እንዳስተማርኳት አድርጋ ቁጭ አለች።